ከአስር ሺህ ጫማ በታች

በእማማ ቤት ሰው ሁለት ጊዜ አይጠራም። አንዴ ከተጠራ በቃ፤ እጁ በሳሙና ተለውሶ ይሁን፣ አፉ ምግብ ይዞ ይሁን፣ «አቤት!» ብሎ ከተፍ ይላል። ሥራ ይዤ ነበር የሚባል ሰበብ አይሠራም። ትልቅ ሰው እየጠራ ከመልስ የሚቀድም ምን ሥራ አለ?

የልጅ ልጃቸውን ያሳደጓት በዚህ ነው። እናቷ ሌላ ከተማ የነርስነት ሥራ ይዛ ስትሄድ ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልላ አስታቀፈቻቸው። ከፎጣው ውስጥ የሚታየው አንድ አፍና ሁለት ዓይን ብቻ ስለነበር፣ «ይቺማ ድንቢጥ ናት» አሉ፤ ስሙ በዚያው ጸና። ድንቢጥ አድጋ አብራሪ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ያለች ዕለት እማማ ደረጃውን ወጥተው ወርደው ለጎረቤት ሁሉ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምናለ ያኔ ድንጋዬ ብያት ቢሆን ኖሮ» አሉ።

እማማ የሚፈሩት ነገር ብዙ ነው። አሳንሰር ይፈራሉ። የጋዝ ምድጃ ይፈራሉ። የታሰረ ውሻ ካልታሰረው ይበልጥ ይፈራሉ፤ ያልታሰረው ቢያንስ የሚበጠስ ገመድ የለውም። በመስኮት ሾልኮ የሚገባ ቀጭን ንፋስ ስንቱን ጎልማሳ አልጋ ላይ እንደጣለ ዘርዝረው መናገር ይችላሉ። አውሮፕላንን የሚያውቁት ከታች ሆነው ነው፤ ከታች ሆነውም አይወዱትም። ድንቢጥ ረዳት አብራሪ ከሆነች ወዲህ በላያቸው የሚያልፈውን ሁሉ፣ እሷ ትኑርበት አትኑርበት፣ ቀና ብለው «በሰላም ግባ» ሳይሉ አያሳልፉትም። አንድ ነገር ብቻ አያሰጋቸውም ነበር፤ የልጅቷ አስተዳደግ።

ያን ቀን ድንቢጥ ወደ ቤት የገባችው በጠራራ ፀሐይ ነው። እማማ ፊቷን ገና ከበሩ አይተው ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማማ።»

«ፊትሽ ግን አንድ ሰው ሞቷል ይላል።»

«አንድ አይደለም፤ ሰው የሞላው አውሮፕላን ነው። ግን የውሸት ነው።»

እማማ የውሸት ሞት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አብራሪዎች የሚፈተኑበት ሲሙሌተር የሚሉት ማሽን አለ፤ አዳራሽ ውስጥ በብረት እግሮች ላይ የቆመ፣ ከውጪ ሲያዩት ትልቅ ሣጥን፣ ከውስጥ ሲገቡበት ቁርጥ አውሮፕላን። ይንቀጠቀጣል፣ ያዘነብላል፣ ይወድቃል፤ ከዚያ በሩ ይከፈትና ሰው ወጥቶ ምሳውን ይበላል። በእሳቸው አስተያየት አውሮፕላን ሁሉ እንዲህ መሆን ነበረበት።

ድንቢጥ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ነገረቻቸው። ከመነሳታቸው በፊት ሁለቱ አብራሪዎች አንዱ እያነበበ ሌላው እየመለሰ ሁሉን ነገር አንድ በአንድ ያረጋግጣሉ፤ ቼክሊስት ይሉታል። አንባቢዋ እሷ ነበረች። መሃል ላይ ስትደርስ ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ ፈታኝ ካፒቴን እንደ በረራ አስተናጋጅ ሆነው ጠሯት፤ ተሳፋሪ ታሟል ምን ይደረግ አሉ።

«እኔም 'አቤት ካፒቴን' ብዬ ዞርኩላቸው።»

«እና? ደግ አደረግሽ እንጂ።»

«መልሼላቸው ስመለስ አንድ መስመር ዘለልኩ። ፍላፑን።»

ፍላፕ ማለት ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋ ሰሌዳ ነው፤ ካልተዘረጋ አውሮፕላኑ እንደልቡ አይነሳም። ሲረሳ የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያ ፈታኙ ሆን ብለው አጥፍተውት ነበር። ማኮብኮቢያው አለቀ፤ አውሮፕላኑ ግን አልተነሳም።

«ሽማግሌው ምን አሉሽ ታዲያ?»

«'ያሳደገሽ ሰው በጣም ጨዋ አድርጎሻል' አሉኝ።»

የእማማ ፊት ወገግ አለ። «እንዲህ አሉ? እሳቸውስ ሰው ያውቃሉ።»

«እማማ፣ አልጨረስኩም።»

«በይ ጨርሺ።»

«'በዚህ ጨዋነትሽ ሰው ትጨርሻለሽ' አሉኝ።»

እማማ ሊከትፉት የጀመሩትን ሽንኩርት ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«ሰው ሲጠራሽ 'ቆዩ' ብለሽ የያዝሽውን መጨረስ አለብሽ ነው የሚሉት። ካልሆነና ከተቋረጥሽ ደግሞ ከአንድ ጀምረሽ ማንበብ ነው። የሚመጣው ሳምንት እንደገና እፈተናለሁ። የመጨረሻዬ ነው። ከወደቅኩ ከበረራ ያነሱኛል።»

«አንስተውሽስ የት ያደርጉሻል?»

«ቢሮ። የበረራ ድልድል ክፍል።»

«ቢሮው ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«ምድር ቤት።»

እማማ ቢላዋቸውን አንስተው ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠሉ። ድንቢጥ አላለቀሰችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ማልቀስ ሲያምራት የምታደርገውን አደረገች፤ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ፈታችና መልሳ አሰረችው።

በማግስቱ የአብራሪዎቹ ክፍል እመኝታ ቤቷ ገባ። የቁም ሣጥኑ በር ላይ ሰፊ ወረቀት ለጠፈች፤ ቁልፉ፣ ሰዓቱ፣ እጀታው ሁሉ በልኩ የታተመበት። ከፊቱ ሁለት የምግብ ወንበር ጎን ለጎን አስቀመጠች። በቀኙ እሷ፣ በግራው ካፒቴን። ካፒቴኑ ከጎናቸው ያለው ጎረቤት ነው፤ የአውቶቡስ ሹፌር። ፈረቃው እስኪደርስ ሥራ ስለሌለው፣ ደግሞም ካፒቴን ሲባል ደስ ስለሚለው ዩኒፎርሙን እንደለበሰ መጣ።

«እማማ፣ እርስዎ ከኋላ ሆነው ያቋርጡኛል» አለች ድንቢጥ።

«እኔ?» እማማ ደረታቸውን ያዙ። «እኔ ሰው አቋርጬ አላውቅም።»

ሹፌሩን ሳል ያዘው።

«ምን ያስልሃል አንተ?»

«ምንም እማማ፤ ከፍታው ነው።»

ልጅቷ ማንበብ ጀመረች። «በሮች?» ስትል ሹፌሩ «ተዘግተዋል» ይላል። «መብራቶች?» ስትል «በርተዋል» ይላል። እማማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚሉት ጠፋባቸው። ልጅቷ ከታቀፏት ቀን ጀምሮ ሹራብ ልበሺ፣ ውሃ ጠጪ፣ እዚያ ጋ አትቁሚ፣ ፀጉርሽ ሳይደርቅ አትውጪ ሲሉ የኖሩ ሴት ያቋርጡ ሲባሉ ምላሳቸው ተሳሰረ። ቼክሊስቱ ሊያልቅ ሲል በቀጭኑ፣

«እ… ድንቢጥ?» አሉ።

«አቤት እማማ!» ልጅቷ ከነወንበሯ ዞረች።

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው።»

ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ሁላችንም ሞተናል» አለ።

እንደገና ጀመሩ። እንደገና ሞቱ። ሹፌሩ ሁለተኛውን ሞት ካለፈ በኋላ፣ «እኔ ይሄን ነገር አውቀዋለሁ» አለ። «የኔ አውቶቡስ ላይ፣ እዚህ ራሴ በላይ፣ 'ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው' ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።»

«እና ሰው ያከብርልሃል?» አሉ እማማ።

«እንዴታ። ሁሉም ቆሞ ያነበዋል። ካነበበ በኋላ፣ 'ሾፌር፣ ይሄን ነገር ማን ነው የጻፈው?' ብሎ ይጠይቀኛል።»

ድንቢጥ የእነሱ ሕግ ከዚህ የጠበቀ ነው አለች። አውሮፕላኑ አስር ሺህ ጫማ እስኪወጣ፣ ሲወርድም ከአስር ሺህ ጫማ በታች ከሆነ፣ አብራሪዎቹ መሃል ከሥራው በቀር ወሬ የሚባል የለም። ምሳ ምን ነበር አይባልም፤ ልጅህ እንዴት ነው አይባልም። እማማ ይህን ሕግ ሰምተው ወደዱት። ከበረራ ነገር ሁሉ የወደዱት እሱን ብቻ ነው። በማግስቱ የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ወሬ ይዛ ብቅ ስትል ማማሰያቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ «ሾርባው አልፈላም፤ ገና ከአስር ሺህ ጫማ በታች ነኝ» አሏት። ሴትዮዋ እማማን ምን እንደነካቸው ለሌሎች ልትነግር ወረደች።

ልምምዱ ቀጠለ፤ እማማም ሥራቸውን ያዙት። ብርጭቆ ሰበሩ፣ አሮጌውን። ጭስ ሸተተኝ አሉ። ሬዲዮ ከፍተው መዝጊያው ጠፋብኝ አሉ። ሹፌሩም በበኩሉ ስልኩን እያስጮኸ፣ «ሚስቴ ናት፤ ምን ልበላት?» ይላል። ድንቢጥ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል «ቆዩ ጋሼ!» ትለዋለች። ለበሩ ደወል ቆይ፣ ለሬዲዮው ጆሮ ዳባ ልበስ። ሁሉም ይዞላት ነበር፤ ከአንድ ነገር በቀር። እማማ ስሟን ከጠሩ አለቀ። «አቤት» ከእሷ ቀድሞ ይወጣል፤ አንገቷ ይዞራል፤ ጣቷ የያዘችውን መስመር ይለቃል።

«ይሄ አቤት ከየት ነው የሚወጣው ልጄ?» አለ ሹፌሩ። «ከአፍሽ አይመስለኝም። ከጀርባ አጥንት ነው።»

እማማ ሳህን እያጠቡ ነገሩን አሰቡት። እሳቸው ምንም ክፉ ነገር ማድረግ የለባቸውም። መጥራት ብቻ ነው። እንደጀመሩት እየጠሩ፣ እንደለመደችው አቤት እያለች ሳምንቱ ይሄዳል፤ ልጅቷ ትገባለች፤ ሽማግሌው «አስተናጋጅ ነኝ» ይላሉ፤ አለቀ። ምድር ቤት። አራት እግር ያለው ወንበር፣ አራቱም እመሬት። መስኮት ይኑረው አይኑረው አልጠየቁም፤ ባይኖረው ይሻላል፣ ንፋስ አይገባም። ማታ ማታ አውቶቡስ ይዛ ትመጣለች፤ ያውም ጎረቤታቸው በሚነዳው።

ያን ቀን ልምምዱ ላይ እማማ ስሟን የጠሩት በሚያባባ ድምፅ ነበር፤ ትኩሳት ይዟት ባደረች ጊዜ ግንባሯን እየዳበሱ በሚጠሯት ድምፅ። ማንም ልጅ ይህን ድምፅ ሰምቶ አይቀመጥም። ድንቢጥ እንኳን አንገቷ፣ መላ አካላቷ ዞረ። «አቤት እማማ? ምን ሆኑ?»

«ሞተናል» አለ ሹፌሩ ወደ ሥራው ለመሄድ እየተነሳ።

ድንቢጥ ጎንበስ አለች። የጫማዋን ክር ፈታች። አሰረች። ሌላውንም ፈታች።

እማማ ያንን ክር ያውቁታል። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣባቸው፤ እስከዛሬ ከፈሩት ሁሉ የባሰ። ብታልፍስ? ሽማግሌው ያን ዕለት ራሳቸውን አሟቸው ሳይጠሯት ቢቀሩና በዕድል ብታልፍስ? አቤቱን በጉሮሮዋ እንደያዘች ነው ወደ ላይ የምትወጣው። ከኋላዋ ያ ሁሉ የሰው ልጅ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል። አንዱ ሽማግሌ ካፒቴን «ልጄ» ይላታል፤ እሷም ትዞርለታለች። ልጅቷን በሰማይ ላይ የሚጠብቃት ክንፍም ሞተርም አይደለም፤ የእሳቸው አስተዳደግ ነው። እሱ ደግሞ ቀዳዳ አለው።

«ተነሽ» አሏት። «እዚህ ቁሚ። እኔን ቆዩ በይኝ።»

«እማማ፣ አይወጣልኝም። ሞክሬዋለሁ።»

«ይወጣልሻል። አቤትም መጀመሪያ አልወጣልሽም ነበር፤ 'አቤፍ' ነበር የምትዪው። ድንቢጥ!»

«አቤ—»

«ዋጪው! ድንቢጥ!»

«ቆ…»

«ድንቢጥ!»

«ቆዩ» አለች፤ ወለሉን እያየች።

«ይሄ የማን ድምፅ ነው? የታመመች ድመት ነው? ያን ሁሉ ሰው በዚህ ድምፅ ልታተርፊ ነው? ድንቢጥ!»

«ቆዩ!»

ግድግዳው አስተጋባ። ድንቢጥ አፏን በእጇ ሸፈነች። እማማ «ጎሽ» አሉና ወደ ወጥ ቤት ሄደው የታጠበ ሳህን አጠቡ። ሲጨርሱ ደግመው አጠቡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንም ቆዩ ብሏቸው አያውቅም፤ ባላቸው እንኳን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሲላጩ ከተጠሩ በግማሽ ፂም ነበር የሚመጡት።

የፈተናው ዋዜማ ሹፌሩ ቀን ፈረቃ ስለነበረ ድንቢጥ ብቻዋን እየጠየቀች ብቻዋን እየመለሰች ትለማመድ ነበር። እማማ ከምሳ በፊት ትልቁን ድስት ፈለጉት። ትልቁ ድስት ያለው ወጥ ቤት ባለው የዕቃ መደርደሪያ አናት ላይ ነው። በርጩማ ላይ መውጣትን በጣም ይፈራሉ፤ ማንም ሰው እንዳይወጣ ሲከለክሉ ኖረዋል። ግን ልጅቷን ለድስት ብሎ ማቋረጥ ከሕጉ ውጪ መሰላቸው፤ ቼክሊስት ላይ ናት፤ ድስት ደግሞ የሥራ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ወጡ። የድስቱን ጆሮ ያዙ። በርጩማው አንድ ነገር አሰበና ወደ ጎን ሄደ።

ሲወድቁ መጀመሪያ የመጣው ድስቱ ነው፤ እሳቸው ተከተሉ። ቀኝ እግራቸው ከበታቻቸው ታጠፈና ቀጭን ድምፅ አሰማ፤ ደረቅ ፓስታ ሲሰበር የሚያሰማውን ዓይነት።

«ድንቢጥ!»

ይኼ ልምምድ አልነበረም። ከሆዳቸው ነበር የወጣው።

«ቆዩ!» አለ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ድምፅ፤ ጥርት ብሎ፣ ምንም ሳይንቀጠቀጥ። «በሮች? ተዘግተዋል። መብራቶች? በርተዋል።»

እማማ ወለሉ ላይ ተጋድመው ጣሪያውን አዩ። እንዲህ ከታች ሲያዩት ጥግ ላይ የሸረሪት ድር አለ። ድጋሚ ሊጣሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት። መስመሮቹን ሁሉ አሁን በቃላቸው ያውቋቸዋል። የነዳጅ ፓምፕ ይመጣል። መጣ። መቆጣጠሪያ ይመጣል። መጣ። ቀጥሎ ያለው እሱ ነው። ልጅቷ «ፍላፕ?» አለችና እንደለመደችው የሹፌሩን መልስ ጠብቃ ትንሽ ዝም አለች።

«ተዘርግቷል» አሉ እማማ በሹክሹክታ ከወለሉ ላይ።

«ተዘርግቷል» አለች ልጅቷ፤ ጣቷ ወረቀቱን ሲመታ ተሰማ። እስከ መጨረሻው ወረደች። «ቼክሊስቱ ተጠናቋል።» ከዚያ ወንበር ተጎተተ፤ እግር ሮጠ።

«እማማ! ወይኔ! ምን ሆነው ነው? እኔ… እኔ እኮ ልምምድ መስሎኝ ነው!»

«ልምምድ ነው» አሉ እማማ።

«ወለል ላይ ተኝተው?»

«ነገ ሽማግሌው ምን እንደሚያደርጉሽ ማን ያውቃል? ሊወድቁ ይችላሉ።»

«ድስቱስ?»

«ለድምፁ ነው።»

ድንቢጥ ተንበርክካ አየቻቸው። እማማ ደግሞ ሲዋሹ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለማያውቁ ጣሪያውን አፍጥጠው ያዩ ነበር። «ጨረስሽው?» አሏት።

«ጨረስኩት።»

«ፍላፑንም?»

«እሱንም።»

«በይ አንሺኝ። የሸረሪት ድሩንም በኋላ ጥረጊው።»

ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ዋሉ። ሹራብ እየሠራሁ ነው አሉ፤ ሠሩም። ወደ አልጋቸው የሄዱት ልጅቷ ገላዋን ስትታጠብ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ነው።

ጠዋት ድንቢጥ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ እማማ ወጥ ቤት ተቀምጠዋል። ስትራመድ እንዳታያቸው ከእሷ ቀድመው ነው የተነሱት። ቀኝ እግራቸው ላይ የባላቸውን የክረምት ካልሲ አጥልቀው ጠረጴዛው ሥር ደብቀውታል። ሌላ ቀን ሻይዋን እሳቸው ነበሩ የሚያቀርቡት፤ በሩ ላይ ቆመው የሸሚዟን ቁልፎች የሚያዩትም እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሻዩ የለም። ድንቢጥ ምድጃውን አየች፤ ጠረጴዛውን አየች፤ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«እማማ፣ እስቲ ይነሱ።»

«ተነስቼ ምን ልሁን?»

«እግርዎን ያመዎታል አይደል? እውነቱን ይንገሩኝ። ካመመዎት አልሄድም።»

አልሄድም አለች። አዎ የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትቀረው። ውሸት እንኳን አይደለችም፤ እግሩ እንደ እሳት ይለበልባል። የምድር ቤቱ ቢሮ በሩን ከፍቶ፣ ወንበሩን ስቦ፣ መስኮቱን ዘግቶ እማማን ይጠብቃል። ልጅቷ ቆማ መልስ ትጠብቃለች፤ ከዚህ በፊት አንድም ቀን ሳይመልሱላት ቀርተው አያውቁም።

«ቆዪ» አሉ እማማ።

«እንዴ?»

«ቆዪ አልኩ። እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ የያዝሽውን ጨርሺ።»

«እማማ፣ ማቋረጥ የሚፈቀደው ለአደጋ ብቻ ነው፤ አሁን የሚነድ ነገር አለ? የሚወድቅ?»

«የሚነድም የሚወድቅም የለም።» የወደቀው ትናንት ነው፤ ስለዚህ ይኼም ውሸት አልነበረም። «ሂጂ። ሁለተኛው ቁልፍሽ ተከፍቷል።»

ድንቢጥ ቁልፏን ዘጋች። ወደ ጫማዋ ክር አየች፤ አልነካችውም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እማማ ደረጃውን ስትወርድ እስከ ታች አዳመጡ፤ እርጥብ ይሆን ብለው ሰጉ፤ በሩ ሲዘጋ ነው እግራቸውን ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው «ወይኔ ጉዴ!» ያሉት።

ሹፌሩ ከፈረቃ በፊት እንዴት አደሩ ሊል ብቅ ሲል ካልሲው ወልቆ ነበር።

«እማማ! ይሄ እግር ነው ዱባ?»

«ዝም በልና በረዶ አምጣልኝ።»

አመጣ። በፎጣ ጠቅልሎ አሰረላቸው። ከዚያ ስልኩን አወጣ። «አሁኑኑ ትምጣ፤ እደውልላታለሁ።»

«አስቀምጥ!»

«እንዴት ነው የማስቀምጠው? ሐኪም ያስፈልግዎታል።»

«ከአስር ሺህ ጫማ በታች ናት።»

«እማማ፣ እሷ ያለችው አዳራሽ ውስጥ ነው። ማሽኑ እወለሉ ላይ በብሎን ነው የታሰረው። የትም አይወጣም!»

«እሱማ እኔም አውቃለሁ» አሉ እማማ። «እሷ ግን እየበረረች ነው።»

ሹፌሩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዛሬ አልገባም ብሎ ደውሎ ሌላ ሰው አስተካና የካፒቴን ወንበሩን አምጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። እማማ የራሳቸውን ስልክ የወንበራቸው ትራስ ሥር ከተቱት፤ እጃቸው ራሱ ሄዶ እንዳይደውል ትራሱ ላይ ተቀመጡበት። በሕይወታቸው ያን ያህል ለረጅም ጊዜ ማንንም ሳይጠሩ ቆይተው አያውቁም። አንድ ጊዜ አውሮፕላን አለፈ። ከልማድ የተነሳ «በሰላም ግባ» አሉት።

ድንቢጥ ተመልሳ እግሩን ባየች ጊዜ የተናገረችውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ ጨዋ ልጅ ናት። ለሹፌሩም ደረሰው። ታክሲ ተጠራ፤ እማማን ሁለቱ ግራና ቀኝ ደግፈው በደረጃው አወረዷቸው፤ አሳንሰሩን በዚህ እግርም እምቢ ስላሉ።

ክሊኒኩ ውስጥ ራጅ የሚነሱ ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተሰልፈው ተቀምጠዋል። እማማ መሃል ላይ፣ እግራቸው በሹፌሩ ጉልበት ላይ።

«ፈተናው እንዴት ሆነ?»

«መጀመሪያ እግርዎ ይታይ።»

«መጀመሪያ ፈተናው። አለበለዚያ አልገባም።»

ድንቢጥ ተነፈሰች። «እሺ። ቼክሊስቱ መሃል ላይ ስደርስ ፈታኙ እንደገና አስተናጋጅ ሆነው 'ምሳ ምን ይሁን?' አሉ፤ 'ቆዩ' አልኳቸው። 'የኋላው በር ይንኳኳል' አሉ፤ 'ቆዩ' አልኳቸው። ከዚያ እስክሪብቶ ወደቀባቸው።»

«የት?»

«ወንበሬ ሥር። 'ልጄ፣ አቀብዪኝ፤ ወገቤን ያመኛል' አሉኝ።»

እማማ አፋቸውን ያዙ። ሽማግሌ ዕቃ ወድቆበት ልጅ ተቀምጦ ያየ የለም። «አቀበልሻቸው?»

«'ቆዩ ካፒቴን' አልኳቸው።»

«እንግዲያ ማን አነሳው?»

«ራሳቸው።»

«ወገባቸውን እያመማቸው?»

«እያቃሰቱ ነው የተነሱት።»

እማማ ግድግዳውን አዩ። ኀፍረትና ኩራት አንድ ላይ መጥተውባቸው የቱን አስቀድመው እንደሚያስተናግዱ ግራ ገባቸው። «ከዚያ በኋላስ? ይቅርታ አልጠየቅሻቸውም?»

«ጠየቅኳቸው። ተነስተን ደህና ከፍታ ላይ ከደረስን በኋላ።»

«ፍላፑስ?»

«ተዘርግቶ ነበር። አለፍኩ እማማ።»

«ሁላችንም ተርፈናል» አለ ሹፌሩ፤ እግራቸውን እንደታቀፈ።

እማማ ልጅቷን ሽቅብ ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ አዩአት። እንግዲህ ትበራለች። ነገም ከነገ ወዲያም፣ እሳቸውም ከታች ቆመው ሰማይ ሲያዩ ሊኖሩ ነው። የምድር ቤቱ ቢሮ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። እማማ «እሰይ» አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ዘግይቶ ነው የወጣው።

የራጅ ክፍሉ በር ተከፈተና ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ ብቅ አለ። «ቀጣይ! እማማ፣ እርስዎ ነዎት፤ ይግቡ።»

እማማ ጣታቸውን አነሱ።

«ቆይ» አሉት።

ልጁ በሩን እንደያዘ ቆመ። እማማ ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ።

«ድንቢጥ!»

«አቤት እማማ።»

«ጠዋት የጠየቅሽኝን» አሉ። «ያመኛል። በጣም ያመኛል።»